የያቭኔዋ እንቁላልና የዘበኞቹ ትምህርት ቤት

ተረት ተረት። በእስራኤል አገር፣ በቅርያት መላኺ ከፎቆቹ ጀርባ፣ የታጠበ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር፣ አንዲት ነጭ ዶሮ አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ሰፈሩ እመት ነጪት ይላታል። ከተማዪቱ በ1951 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ለአዲስ መጤዎች በተተከሉ ድንኳኖችና በቆርቆሮ ቤቶች የተጀመረች፣ የሎስ አንጀለስ አይሁዶች ስለረዷትም በመላእክት ስም የተጠራች ናት። እዚያ የሚኖር ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ዶሮ፣ ራሱ ካልሆነ አያቱ ከሌላ አገር የመጣ ነው።

ዶሮ ስትታቀፍ ላያት የተኛች ትመስላለች እንጂ ሥራ ላይ ናት። በቀን ብዙ ጊዜ ብድግ እያለች እንቁላሎቹን በመንቆሯ ታገላብጣለች፤ ካላገላበጠች ጽንሱ ከቅርፊቱ የውስጥ ገበር ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ወደ ሰሜን ሄድ ብሎ ረሆቮት ውስጥ፣ በዋይዝማን የሳይንስ ተቋም፣ የያዕቆብ ሃና ቡድን የአይጥ ጽንሶችን ከማህፀን ውጭ ከ5ኛው ቀን እስከ 11ኛው ቀን ማሳደጉን በ2021 ያስታወቀው በሚሽከረከሩ የመስታወት ጠርሙሶች ተጠቅሞ ነው። ይህን ወሬ ያመጣላት አያ ሽመላ ነው። የጎንደር ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ልጆች ድሮ በሰማያቸው ሲያልፍ እየጮኹ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት የነበረው ወፍ ስለሆነ፣ ወሬ ማቀበል ልማዱ ነው። እመት ነጪት ግን አልገረማትም። «ሳይገላበጥ ያደገ ማን አለ?» አለችው።

ከአሥራ ሁለቱ እንቁላሎች በአንደኛው ውስጥ፣ በአስኳሉ ላይ ባለችው ነጭ ነጠብጣብ፣ አገር እየተሠራ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ህዋስ አንድ ዓይነት ነው፤ በአሥር ሺዎች ሆነው ተነጥፈው ይቀመጣሉ። በ1ኛው ቀን መሐል ላይ መስመር ወጣና ሕዝቡ ሁሉ ወደዚያ መትመም ጀመረ። በመስመሩ በኩል ወደ ውስጥ የጠለቁት ሥጋ፣ ደም፣ አጥንትና አንጀት ሊሆኑ፣ ላይ የቀሩት ቆዳና አንጎል ሊሆኑ ተለያዩ። ከዘር የሚበልጥም የሚያንስም አልነበረም፤ ዕጣውን የሰጣቸው የቆሙበት ቦታና የደረሱበት ሰዓት ነው። ቀጥሎ የጀርባው ሜዳ ጎደጎደ፣ ሁለቱ ዳርና ዳር እንደ ነጠላ ጫፍ ተሳስቦ ገጠመና ቱቦ ሆነ፤ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚወጡት ከዚህ ቱቦ ነው። በግራና በቀኙ የሥጋ ብሎኮች በየ90 ደቂቃው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ተሰለፉ።

ዳርና ዳሩ በገጠመበት ሸንተረር ላይ ደግሞ መንገደኞች ተነሡ። ቪልሄልም ሂስ የተባለ የስዊስ ሊቅ በ1868 በጫጩት ጽንስ ላይ አይቷቸዋል። እነዚህ ህዋሳት የተወለዱበት ቦታ አይቀመጡም፤ ጓዛቸውን ሳይሸክፉ መንገድ ይጀምራሉ። አንዳንዶቹ ከቆዳ ሥር ገብተው የላባ ቀለም ይሆናሉ። አንዳንዶቹ ነርቭ ይሆናሉ። ከራስ በኩል የተነሡት የመንቆርና የመንጋጋ አጥንት ይሆናሉ። የወፍም የሰውም ፊት በአብዛኛው የተሠራው ከሌላ ቦታ ተጉዘው በመጡ ህዋሳት ነው። ይህን ሳነብ ብዙ ጊዜ ቆም እላለሁ፤ አንድ ፍጡር የሚታወቅበት ነገር፣ ፊቱ፣ የስደተኞች ሥራ ነውና።

በ2ኛው ቀን ሌሊት እጅ መጣ።

እጁ በቅርፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት ከፈተ። በክንፉ አንጻር ካለው ቱቦ ቁራጭ አንሥቶ፣ በምትኩ ከድርጭት እንቁላል ያመጣውን ቁራጭ በዚያው ልክ አስቀመጠ። መስኮቱን አሽጎ ሄደ። የድርጭት ህዋሳቱ የተነሡት ሌላ ቅርፊት ውስጥ ነው፤ ሲነቁ ሌላ አገር ናቸው።

እንዲህ ያለውን ሌሊት የቅርያት መላኺ፣ የገደራና የያቭኔ ሽማግሌዎች ያውቁታል። በሜይ 24 እና 25፣ 1991፣ በ36 ሰዓት ውስጥ፣ መቀመጫቸው በተነቀለ አውሮፕላኖች ተጭኖ ከ14,000 በላይ የቤተ እስራኤል ሰው ከአዲስ አበባ እስራኤል ገብቷል፤ አየር ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። የጫጩት ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ መምታት የምትጀምረው በ36ኛው ሰዓት አካባቢ ነው።

ድርጭቶቹ ከሸንተረሩ ወርደው የሥጋ ብሎኮቹ ዘንድ ሲደርሱ፣ የመጀመሪያውን ብሎክ የኋላ በር አንኳኩ።

«እዚህ አይታለፍም» አላቸው የኋላው በር።

«ታዲያ ወዴት እንሂድ?»

«በፊት ለፊት ግቡ። እኛ የምንዘጋው ነርቮቹ ተራርቀው በየመስመራቸው እንዲያልፉ ነው። ፊት ለፊቱ ለሁሉም ክፍት ነው።»

እውነት ነው፤ በጫጩት ውስጥ ነርቭ የሚሆኑት መንገደኞች የሚያልፉት በእያንዳንዱ ብሎክ የፊት ግማሽ ብቻ ነው። በጃንዋሪ 2012 በዚችው ቅርያት መላኺ የአንዳንድ ሕንፃዎች የቤት ባለቤቶች ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል ተብሎ በቴሌቪዥን ሲነገር፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ሰልፉም እስከ ኢየሩሳሌም ደረሰ። ያኔ «እያንዳንዱ ከመሰሉ ጋር መኖሩ ተፈጥሮ ነው» ያለ ሰው ቢኖር፣ ተፈጥሮን ቀርቦ አላያትም። ገላ አንዱን በር ሲዘጋ በዚያው ብሎክ ላይ ሌላውን ከፍቶ ነው፤ መንገደኛውም ደጅ አያድርም።

ድርጭቶቹም ገቡ። ገብተው ያገኙትን ሥራ ሠሩ፤ የክንፉን ነርቭ ዘረጉ፣ ጡንቻውን ከአንጎሉ ጋር አገናኙ። ቀለም የሚሆኑት ግን ወደ ክንፉ ላባ ሲደርሱ ጎረቤቶቻቸውን ጠየቁ።

«እናንተ ነጭ ናችሁ፤ እኛ ምን እንሁን?»

«የያዛችሁትን ሁኑ።»

ይህም ቢሆን ለሁሉም አንድ አይደለም። ሃንስ ሽፔማን የተባለ ጀርመናዊ በ1918 እንዳሳየው፣ ከጽንስ ላይ ማልዶ ተነሥቶ ሌላ ቦታ የተተከለ ህዋስ እንደ አዲሱ ጎረቤቱ ይሆናል፤ አርፍዶ የተነሣው ደግሞ የራሱን ይዞ ይቀራል። ሁለቱም ህያው ናቸው፣ የሚለያያቸው ሰዓት ነው። በቅርያት መላኺ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ቡና የሚቆሉት አያትና ከአጠገባቸው ቆሞ በዕብራይስጥ ብቻ የሚመልስላቸው የልጅ ልጅ አንዳቸው የከዱ፣ ሌላቸው የደረቁ ተደርገው ሲወቀሱ እሰማለሁ። ሁለቱም የተነሡበት ሰዓት የሰጣቸውን ነው የሆኑት።

በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። አሥራ አንዱ ነጭ ናቸው። አሥራ ሁለተኛውም ነጭ ነው፣ ክንፉ ላይ ግን ጠቆር ያለ ላባ አለ። እመት ነጪት ላባውን በመንቆሯ ገለጥ አድርጋ አየች፣ አሸተተችው፣ ከሌሎቹ ጋር ከብብቷ ሥር ከተተችው። ስሙን ክንፈ አለችው። ክንፈ ጭሮ በላ፣ ከወንድሞቹ ጋር ተሻማ፣ ከአጥር ላይ ለመዝለል ከሁሉ ቀድሞ የሞከረ እሱ ነው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ያ ክንፉ ወደቀ። ለማንሣት ቢሞክር አልታዘዝ አለው። እናቱ እሾህ ወጋው ብላ ፈለገች፤ እሾህ የለም። ጭልፊት ነክሶት ይሆን ብላ ደም ፈለገች፤ ደም የለም። ነገሩ የተጀመረው ከውስጥ ነበርና።

ሌሊት ነበር። ዘበኞቹ፣ ነጭ የደም ህዋሳት የምንላቸው፣ እንደ ልማዳቸው ገላውን እየዞሩ ክንፉ ዘንድ ደረሱ። አንዱ ወጣት ዘበኛ ቆመ።

«ማን ናችሁ?»

«የክንፉ ነርቭ ነን።»

«የክንፉን ነርቭ አላልኩም። እናንተ ማን ናችሁ?»

ከድርጭቶቹ አንዷ መለሰች። «ልጄ፣ እኔ እዚህ የገባሁት በ2ኛው ቀን ነው። አንተ ያኔ አልተፈጠርክም። ይህ ክንፍ ሲነሣ የምናነሣው እኛ ነን፤ ስትዞርም የምትዞረው እኛ ባነሣነው ክንፍ ሥር ነው።»

ዘበኛው ክፉ አልነበረም። የተማረውን አስታወሰ፣ ፊቷን ከሚያውቃቸው ፊቶች ጋር አስተያየ፣ አላገኛትም። «አላውቅሽም» አለ፤ ጓደኞቹንም ጠራ።

ጫጩት በአንገቱ ግራና ቀኝ ታይመስ የሚባሉ እጢዎች ተደርድረውለታል። ዘበኞቹ የሚማሩት እዚያ ነው፤ ትምህርቱም የሚጀምረው ገና ቅርፊት ውስጥ ሳሉ ነው። መምህራኑ የቤተሰቡን ፊት ያሳያሉ። የቤተሰቡን ፊት አይቶ ጥርሱን ያገጠጠ ዘበኛ እዚያው ይሰናበታል፤ ከገቡት ተመርቀው የሚወጡት ጥቂቶች ናቸው። በክንፈ ትምህርት ቤት ግን መምህራኑ ሁሉ የዶሮ ልጆች ነበሩ። የድርጭት ፊት ለአንድም ቀን አልታየም። ስለዚህ ያ ወጣት ዘበኛ በክብር የተመረቀ፣ ሥራውን በቅንነት የሚሠራ፣ በገዛ ቤቱ ላይ ግን ዘመቻ የሚከፍት ሆነ። በ2015 የጸደይ ወራት ሆሎን ውስጥ የወታደር ልብስ የለበሰ የቤተ እስራኤል ወጣት በፖሊሶች ሲደበደብ ካሜራ ቀረጸው፤ የአገሩን ልብስ ለብሶ እንኳ ፊቱ አልታወቀም።

እመት ነጪት ምክር ፍለጋ ወጣች። በዕድሜ የሚበልጥ ይጠየቃል ብላ መጀመሪያ የሄደችው ያቭኔ፣ ወደ አሮጊቷ እንቁላል ነው።

አሮጊቷ እንቁላል ተረት አይደለችም። በ2021 የእስራኤል የጥንታዊ ቅርስ ባለሥልጣን ቆፋሪዎች ያቭኔ ላይ፣ በእስልምና ዘመን በተቆፈረ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ፣ የ1,000 ዓመት ዕድሜ ያላት የዶሮ እንቁላል አገኙ። አየር የማያስገባው ለስላሳ ቆሻሻ አቅፎ ሳትሰበር አቆይቷታል። ከሥሯ ትንሽ ስንጥቅ ነበረባት፤ ውስጧ አብዛኛው ፈስሶ ጥቂት አስኳል ቀርቷል። ላቦራቶሪ ውስጥ ስትሰነጠቅም ጠግነዋታል።

እመት ነጪት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተሳለመች። «እሜቴ፣ ልጄ ታሞብኛል፤ ምከሩኝ።»

«እኔን እዪኝ» አለች አሮጊቷ። «ማንም መስኮት አልከፈተብኝም። ማንም አላገላበጠኝም። መንገደኛ አልገባብኝ፣ መንገደኛም አልወጣብኝ። ቅርጼን ሳልለውጥ ሺህ ዓመት ኖርኩ። ዛሬ ሰው በጓንት ነው የሚነካኝ። ያንን ክንፍ ቁረጪው፤ ልጅሽ ንጹሕ ይሆናል።»

እመት ነጪት ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ በአክብሮት ጠየቀች።

«አንቱ ስንት ልጆች አሉዎት?»

መልስ አልመጣም። እመት ነጪት እጅ ነሥታ ወጣች።

የሚያሳዝነው አሮጊቷ የተቀመጠችበትን መሬት አለማወቋ ነው። በ70 ዓ.ም. ሮማውያን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ሲያቃጥሉ፣ ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ ሊቃውንቱን የሰበሰበው ያቭኔ ነው። መሥዋዕት የነበረው ጸሎት ሆነ፣ መሠዊያ የነበረው ትምህርት ሆነ። ሊቃውንቱ እንደ ወይን ተክል በረድፍ በረድፍ ተቀምጠው ይማሩ ስለነበር ጉባኤው የያቭኔ የወይን ቦታ ተባለ። አንድ ሕዝብ ቅርጹን ለውጦ የተረፈው እዚያ፣ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነው። ቤተ እስራኤል ግን ኦሪታቸውንና ሰንበታቸውን የጠበቁት በጎንደር፣ በስሜንና በወልቃይት መንደሮች፣ በቄሶቻቸው እየተመሩ፣ ከነዚያ ረድፎች ርቀው ነው። በ1973 ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን ካጸኑ በኋላም እንኳ፣ በ1980ዎቹ የመጡት አሁንም ያጠራጥራል ተብሎ ውኃ ውስጥ ገብተው እንዲጠመቁ ተጠየቁ። በ1985 ሰዎቹ ኢየሩሳሌም ላይ በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተቀምጠው እንቢ አሉ። የጠየቋቸው ሰዎች የተማሩትን ነው የጠየቁት፤ በተማሩበት ረድፍ ግን የቤተ እስራኤል ፊት አልነበረም።

ከያቭኔ ስትመለስ እመት ነጪት ገደራ አደረች። ገደራን በ1884 ከሩሲያ የመጡ ቢሉ የተባለው ማኅበር ወጣቶች ናቸው የቆረቆሯት፤ ዛሬ በሻፒራ ሰፈሯ ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ይኖራሉ። እዚያ እመት ገብስማ የምትባል ዶሮ አለች። ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ጫጩቶች ይሯሯጣሉ፤ አንዱ ነጭ ሆኖ ክንፉ ጥቁር ነው። ክንፉን ዘርግቶ ከአጥሩ ላይ ዘለለ።

«እህቴ፣ ይህ ልጅ ዕድሜው ስንት ነው?» አለች እመት ነጪት፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ።

«ከክንፈ ይበልጣል። የሱም ክንፍ ከድርጭት ነው።»

«ዘበኞቹስ?»

«አዩት፣ አለፉት።» እመት ገብስማ አጠገቧ የተጠበሰ በቆሎ ፍርፋሪ ገፋ አደረገችላት። «ብዪ። እኔም እጅ መጥቶብኝ ነበር። ክንፉን አመጣ። ቆየት ብሎ ግን ተመልሶ መጣ፤ ከድርጭቱ አንገት ታይመስ የሚሆነውን አንሥቶ በልጄ አንገት አኖረው። ዘበኞቹ የኔው የዶሮ ልጆች ናቸው፤ ሲማሩ ግን ከዶሮም ከድርጭትም መምህራን ፊት ቆመው ነው የተማሩት። ድርጭት ላይ ጥርሱን ያገጠጠ እዚያው ተሰናበተ።»

አያ ሽመላ ከጣሪያው ላይ ሆኖ መሰከረ። የፈረንሳይዋ ሊቅ ኒኮል ለ ዱዋረንና ባልደረቦቿ በ1980ዎቹ በጽሑፍ ያወጡት ይህንኑ ነው፤ የድርጭት ነርቭ የተተከለላቸው ጫጩቶች ከሳምንታት በኋላ ክንፋቸው ሽባ ሲሆን፣ የድርጭት ክንፍ ከታይመሱ ግድግዳ ጋር የተተከለላቸው ግን ዘበኞቻቸው ክንፉን እንደ ራሳቸው ይዘውት ኖረዋል።

እመት ነጪት ሌሊቱን አልተኛችም። ክንፈን የመንገደኞቹ መግባት አልጎዳውም፤ በሩ ተከፍቶላቸዋል፣ ሥራም ተሰጥቷቸዋል፣ እናትም እሱን አቅፋዋለች። የጎደለው ዘበኛ በሚማርበት ክፍል ውስጥ ወንበር ነው። ሰው ይህን ቢሰማ ኖሮ፣ «አመጣናችሁ፣ ቤት ሰጠናችሁ፣ ምን ጎደላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያገኝ ነበር። በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት የቤተ እስራኤልን ስግድ የአገር በዓል አድርጎ ሲደነግግ በትምህርት ቤቱ አንድ ወንበር ተጨመረ። አንድ ወንበር ብዙ ነው፤ ግን አንድ ነው።

ቅርያት መላኺ ስትመለስ የአውራ ዶሮዎች ጉባኤ ተሰብስቦ ነበር። አዲስ እንቁላል ሊታቀፍ ነው፤ እጁም ሊመጣ እንደሚችል ተሰምቷል። ክንፈ ክንፉን እየጎተተ ከእናቱ ኋላ ቆመ።

«መንገደኞቹ ይምጡ» አለ ትልቁ አውራ ዶሮ። «እንግዳ መቀበል እናውቃለን። ትምህርት ቤቱ በኋላ ይደርሳል።»

«አይደርስም» አለች እመት ነጪት። «ዘበኛ መማር የሚጀምረው ቅርፊት ውስጥ ነው። ልጄን ያየ ሰው በኋላ አይበለኝ።»

ጉባኤው አጉረመረመ። አንዱ «የዶሮ መምህራን ይባረሩ ማለትሽ ነው?» ሲል ጮኸ።

«አንድም አይባረር። ገደራ ሄጄ አይቻለሁ፤ ሁለቱም አንድ ክፍል ገብተዋል።»

«ድርጭቶቹ ታዲያ ምን ሊያስተምሩ ነው? ቋንቋቸውን? ዜማቸውን?»

«ቢያስተምሩ ደስ ይለኛል። ግን እሱ እንኳ ቢቀር፣ ይቀመጡ። ዘበኛው እየመጣ ፊታቸውን ይይ።»

ትልቁ አውራ ዶሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ ቦታ እንፈልጋለን። ከበሩ አጠገብ፣ ከኋላ በኩል አንድ ረድፍ አለ።»

«ከኋላ የተቀመጠውን ማን ዞሮ ያየዋል?» አለች እመት ነጪት። ሄዳም የፊተኛውን ረድፍ መሬት በእግሯ ትጭር ጀመር።